ጫማ ያጠለቁ ወንበሮች

እዚያ ቤት ሹክሹክ ከተባለ ወሬው ጥጥ ስለሚሏት የቤቱ ልጅ ነው፤ ጥጥ ደግሞ እንደ ሹክሹክታ አጥርታ የምትሰማው ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልተገኘም። ዓርብ ጠዋት አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ እናቷና አክስቷ ወጥ ቤት ሆነው ሲንሾካሾኩ ቃሉ ሁሉ ግድግዳውን አልፎ ከነምራቁ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

“ትራሷ ስር ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ?” አለች አክስት። “ሬዲዮ! ክፍት ነው፣ ጣቢያ ግን የለውም። ሽሽሽ ይላል እንጂ አያወራም። ልጅሽ የማያወራ ሬዲዮ ስታዳምጥ ነው የምታድረው።”

“ተበላሽቶባት ይሆናል” አለች እናት።

“የተበላሸውስ ሬዲዮው አይደለም። ይኼ ነገር ከጆሮ አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል ነው የምልሽ።” ጥጥ አላየቻትም፤ ግን አክስቷ ይህን ስትል በጣቷ ግንባሯን መታ መታ ስታደርግ ሰማቻት። “እሁድ ራሴ እወስዳታለሁ፣ አጎታችን ጋ። ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ጎረቤት የለ፣ መኪና የለ፣ ውሻው እንኳን ሞቷል። እሱም አይሰማ፣ እሷም አትናገር፣ ይስማማሉ። ቤቱንም ትይዝለታለች።”

“ሥራዋስ?”

“ቁልፍ መስፋት ሥራ ሆኖ ነው? ደግሞ ልጅቷ እኮ አቤት ማለት ረስታለች። ስትጠራ አቤት የማትል ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እናት ዳቦ የምትቆርጥበትን ቢላዋ አስቀመጠች። ከዚያ “አንጠራትማ” አለች። ትንሽ ቆይታም “እሁድ ይሁን” ብላ ጨመረች።

እውነቷን ነው፣ አይጠሯትም። ጥጥ ስትፈለግ የክፍሏ መብራት ሁለት ጊዜ ቦግ እልም ይደረጋል፤ እሷም ተነስታ ትመጣለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እናት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እጇን ታወዛውዛለች፣ ከሩቅ አውቶቡስ እንደምታስቆም ሰው። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ባትሪው ወጥቶለት ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆሟል፤ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ዘጠኝ ተኩል ነው። ሳህኑ ፕላስቲክ፣ ማንኪያው እንጨት፣ የበሩ ማጠፊያ የምግብ ዘይት እየጠጣ ከቤቱ ሰው ሁሉ የወፈረ። አክስት ከሁለት ወር በፊት “ለሳምንት” ብላ መጥታ እስካሁን አለች፤ እሷም ብትሆን ታሳዝናለች፣ ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣባት አፍና አፍንጫዋን ይዛ ወደ ግቢ ነው የምትሮጠው። ግማሽ መንገድ ላይ ያመለጣት ቀን ሁሉም ሰው እሷን ሳይሆን የጥጥን ፊት ነው ያየው።

አራቱም ወንበሮች ደግሞ ጫማ አላቸው። ቀልድ አይደለም። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ በመርፌ የተሰፋ፣ ሶሉ ድርብ የሆነ፣ ባለማሰሪያ የሱፍ ጫማ አለ፤ በድምሩ አሥራ ስድስት። ሱፉ የእናት ካፖርት ነበር። እናት በዕድሜዋ አንድ ካፖርት ነበራት፤ ለብሳው የተነሳችው ፎቶ ከቆመው ሰዓት አጠገብ ተሰቅሏል፣ እዚያ ላይ ሳቋ እስከ ጆሮዋ ነው። ጥጥ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት ተኝታ፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ዓለም በሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠበቃት። ሰው የማይቆጥረው ድምፅ ሁሉ፣ የሳህን ድምፅ፣ የላስቲክ ድምፅ፣ የወንበር እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት፣ ከመንጋጋዋ ሥር ገብቶ በጆሮዋ ግንድ እንደሚወጣ መርፌ ሆነባት። በዚያ ሰሞን እናት ማንንም ሳታማክር ካፖርቱን ከጀርባው ጀምራ ቆረጠችው። መቀሱ እንዳይሰማ ግቢ ወጥታ ነው የቆረጠችው። ጥጥ ግን በመስኮት አይታታለች። ተሰምቷታልም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥጥ በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት፣ ቁልፎች ባሉበት ቆርቆሮ ክዳን ውስጥ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አላት። ዘጠኝ ሳምንት ሆነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር ቢነገር ካፖርቱ በከንቱ ነው የተቆረጠው እንደማለት ነው። ከከንቱም ይብሳል።

ተነሳች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወጥ ቤት ገባች። ሁለቱ ሴቶች ፈገግ አሉላት። የሞት ፍርድ የፈረዱበትን ሰው ቁርስ ብላ የሚሉ ዳኞች ይመስሉ ነበር። እናት በምልክት ዳቦውን አሳየቻት፣ በምልክት ሻዩን፣ ከዚያ ደግሞ ያልተለመደ ነገር፣ ማር። ጥጥ ማሩን ስታይ ነገሩ የምር መሆኑ ገባት። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል። አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ማንም ምንም አላለም። እሷም ምንም አላለችም። እዚያ ቤት ዝም ማለት ደግነት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ደግ እንደሆነ ተለያዩ።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ድሮ ሁለቱንም ጆሮዋን በጥጥ ጠቅጥቃ፣ በላዩ ሻርፕ ጠምጥማ ነበር የምትሄደው፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ጥጡ በኪሷ ነው። ጆሮዋ ውስጥ የምትከተው ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥበት ጋራዥ ጋ ስትደርስ ብቻ ነው፤ እዚያ ደህና ጆሮ ያለውም ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ጋራዡን እንዳለፈች መልሳ ከጆሮዋ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ መንገዱ ይመጣል፤ የሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ ሲወነጨፍ፣ ጡሩምባ፣ ሴትዮዋ ጠርሙስ ስትደረድር። ያማል። ጥጥ ሲያማት የምታደርገው ነገር አላት፤ በሐሳቧ አምስት ቁልፍ ትሰፋለች። መርፌ ወደ ላይ፣ መርፌ ወደ ታች፣ አራት ቀዳዳ፣ ቋጠሮ፣ አንድ። አምስተኛው ሳያልቅ አትሸሽም። አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ሲያልቅ ሕመሙም አብሯት ደክሞት ታገኘዋለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ አምስቱንም ሰፍታ እንባዋ ይወርዳል።

በስፌቱ ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ነው የሚሰፋው። ረጅም ክፍል ነው፤ ከመጨረሻው ጫፍ ጨርቅ የሚቀመጥበት መጋዘን አለ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ስድስት ባለሞተር የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል። ባለቤቲቱ የሴንቲሜትር መለኪያዋን ከአንገቷ ስለማታወርድ ከጀርባዋ “ሜትር” ይሏታል፤ ከፊቷ “እትዬ” ነው። ሜትር ነች ጥጥን ማሽን የማትነካ የእጅ ሠራተኛ አድርጋ መጋዘኑ ውስጥ ያስቀመጠቻት፤ ሜትር ነች በር ዘግታ ቁልፍ የምትሰፋን ልጅ ሁለት ዓመት አይታ አይታ ሲታክታት፣ እጇን ይዛ የጆሮ ሐኪም ጋ የወሰደቻት። ሐኪሟ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ብዙ ከመረመረቻት በኋላ “ጆሮሽ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ትጋቱ በዝቷል” አለቻት። “ሰው ጨለማ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ሻማው ፀሐይ ይሆንበታል አይደል? ያንቺም ጆሮ እንደዚያ ነው። ምን እንዳመጣብሽ በእርግጠኝነት አልነግርሽም። ዝምታው ግን ሕመሙን እያባሰብሽ ነው። ጥጡን ቀስ በቀስ አውጪ። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ድምፅ ይኑር፤ ማራገቢያ ይሁን፣ ጣቢያ የሌለው ሬዲዮ ይሁን። ከምትፈሪው ድምፅ አትሩጪ፤ በጥቂት በጥቂቱ ቅረቢው። በወር አይድንም። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ።” ይህንኑ ወረቀት ላይ ጻፈችላት፣ “ለቤተሰብ” ብላ።

ለቤተሰብ የተጻፈው ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ቀረ። በጥቂት በጥቂቱ የሚለውን ግን ሜትር በመለኪያ አደረገችው። ከመጋዘኑ ደፍ እስከ መጀመሪያዋ መኪና ወለሉ ላይ አሥራ ሦስት ሴራሚክ ቆጠረች። “በሳምንት አንድ ሴራሚክ” አለች። “ዓርብ ዓርብ በርጩማሽን ታነሺያለሽ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መቆም ግን ይቻላል።” ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ውርርድ ጀመሩ። ኮሌታ ብቻ የምትሰፋው፣ ስሟም ኮሌታ የሆነው ልጅ፣ ከመኪናዋ አንገቷን አስግጋ “ዛሬ ስንተኛ ደረስሽ? እኛ ጋ ስትደርሺ እኮ አርጅተን እንጠብቅሻለን!” ትላታለች። ጥጥ ይህን ቀልድ ትወደዋለች። ቤት ማንም አይቀልድባትም።

ያን ዕለት አሥረኛው ሴራሚክ ነበር። በርጩማዋን አንስታ አስቀመጠች፣ ሸሚዞቹን ጭኗ ላይ ቆለለች፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዘች። አሥረኛው ከዘጠነኛው በአንድ ክንድ እንኳን አይርቅም፤ ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ሲደርሱ የመኪናዎቹ ድምፅ አንድ ላይ የሚመጣ ጩኸት መሆኑ ቀርቶ ስድስት የተለያየ ጩኸት መሆኑ ነው። የኮሌታዋ አጭር አጭር ይላል። የዳሯ፣ ጠርዝ የምትቆልፈው ኦቨርሎክ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ታፏጫለች። ጥጥ ጥርሷን ነክሳ አምስት ሰፋች። ከዚያ ሌላ አምስት። ላብ ከአንገቷ ወረደ። ሰዓቱ ወደ ምሳ ሲጠጋ ሃምሳ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ነበረች፤ እሁድ የሚባል ቀን መኖሩንም ልትረሳው ነበር።

አክስት የመጣችው ከምሳ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከስድስቱ መኪናዎች ጎን ሜትርን አገኘቻት። ጥጥ ከአሥረኛው ሴራሚክ ታያታለች። አክስት ከሁለት ወር ልማድ የተነሳ ሹክ ነው ያለችው።

“ምን?” አለች ሜትር።

አክስት ደግማ ሹክ አለች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

“ጮክ በይ እንጂ እመቤት፣ እዚህ እኮ ሚስጥር አይሰፋም!”

አክስት ወደ ጥጥ ዞር ብላ አየች፣ ፈራች፣ እንደገና ሹክ አለች። ሜትር ሲታክታት ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። “መኪና ይቁም!” ስድስቱም መኪና በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አክስትም ልክ በዚያችው ቅጽበት ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀመችውን ድምፅ ሁሉ ሰብስባ ለቀቀችው፤

“ልጅቷ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም! እሁድ እወስዳታለሁ!”

ክፍሉ ውስጥ መርፌ ቢወድቅ ጥጥ ብቻ ሳትሆን ሁሉም ይሰማው ነበር። አክስት አፏን በእጇ ያዘች። ኮሌታ ክር እንዳንጠለጠለች ቀረች። ጥጥ ከበርጩማዋ ተነሳች፤ ሸሚዞቹ ከጭኗ ወረዱ። ቤት ስትናገር ድምፅ አታወጣም፣ እዚህም ለስለስ ታደርጋለች፤ የራሷ ድምፅ ራስ ቅሏ ውስጥ ሲደወል ከማንም ድምፅ በላይ ነውና።

“አልሄድም” አለች። አመማት። ደገመችው። “አልሄድም፣ አክስቴ።”

“አየሽ፣ ትጮሃለች!” አለች አክስት ለሜትር።

“ጭንቅላቷን እኔ አላውቅም” አለች ሜትር። “የሰፋችው ቁልፍ ግን ተነቅሎ አያውቅም። ምኗ ነው የሚወሰደው?”

“እናቷ እሺ ብላለች። እኔ ለክፋት መሰለሽ? ልጅቷ የማያወራ ሬዲዮ ታዳምጣለች!”

“እኔ ነኝ የገዛሁላት” አለች ሜትር። “መድኃኒቷ ነው።”

አክስት ወደ ጥጥ አየች። “መድኃኒት ነው አላልሽም እኮ” አለች ቀስ ብላ፣ የተከፋች ነበረች። “ሁለት ወር ሙሉ እያሳልኩ ግቢ ስወጣ አይተሽኝ፣ አላልሽም።” ቦርሳዋን አስተካክላ ሄደች። በሩን ስትዘጋው እንኳን ቀስ ብላ ነው።

ሜትር መኪናዎቹን አላስነሳችም። ወደ አሥረኛው ሴራሚክ መጥታ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሸሚዝ አነሳች። “ለቤት አልነገርሽም?”

ጥጥ ራሷን ነቀነቀች።

“ዘጠኝ ሳምንት ለኔ ወለል ስትነግሪ ከርመሽ ለእናትሽ አልነገርሽም? ስሚ፣ አክስትሽን ባባርር ነገ እናትሽ ትመጣለች። እናትን ደግሞ ከበር አልመልስም፣ ልምዱም የለኝ። ሰኞ ጠዋት እዚህ አሥረኛው ላይ አይሻለሁ፤ ካላየሁሽ በርጩማው የሌላ ሰው ነው። ወረቀትሽን ያዢና ውጪ። ቁልፉን ኮሌታ ትጨርሰዋለች።”

“እኔ?” አለች ኮሌታ።

“አንቺ። ወሬ ሲሆን እጅሽ ይፈጥናል፣ እስቲ በሥራም ልየው።”

አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ጥጥ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ትንሽ ሄደችና ቆመች። እናቷ ፊት ወረቀቱን አውጥታ ስትዘረጋ ታያት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትል ግን አልታይ አላት። ስለዚህ አባቷ ጋ ለመሄድ አሰበች። አባቷ የሚኒባስ መነኻሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ሰው ሁሉ በእጁ ወይ በእግሩ ሲያድር እሱ በጉሮሮው ነው የሚያድረው፤ ከጠዋት እስከ ማታ መኪና የሚሄድበትን እየጠራ ሰው ይሞላል። ማታ ቤት ሲገባ ግን ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚራመድ ድመት ተጠንቅቆ፣ “ደህና ዋልሽ” የምትለዋን ቃል በትንፋሽ ብቻ ያወጣታል። ጥጥ የአባቷን ድምፅ ከሰማች አራት ዓመት ሆኗታል። መነኻሪያው ባለበት መንገድ አልፋ አታውቅም።

ከመብራት ምሰሶ ወደ መብራት ምሰሶ ሄደች። በመጀመሪያው ምሰሶ ሞተሮቹ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ጡሩምባው መጣ፤ ምሰሶውን ይዛ አምስት ቁልፍ ሰፋች። በሦስተኛው ላይ ከሁሉ በላይ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሰፊ፣ ሻካራ፣ ጫፉ ላይ ቀልድ ያለበት።

“ገበያ! ገበያ በድልድይ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ! እማማ ይግቡ፣ ለርስዎ ያስቀመጥነው ወንበር ነው! ገበያ በድልድይ!”

ሚኒባሱ ውስጥ አራት ወንበር ባዶ ነበር። ጥጥ ሳቀች። እንደዚህ አስቂኝ መሆኑን ረስታው ነበር። ጆሮዋን እንደ ወስፌ ይወጋታል፣ እሷም ትስቃለች፤ ሁለቱ አብረው መሆን እንደሚችሉ አታውቅም ነበር። አራተኛው ምሰሶ ጋ ስትደርስ አባቷ ዞር አለና አያት። እጁ በአየር ላይ ቀረ። “ገበያ በድል” ብሎ አፉን እንደከፈተ ድምፁ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። ትከሻውን ሰብስቦ በጫማው ጫፍ ወደ እሷ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ጡሩምባ መሃል በጫማው ጫፍ!

“ምን ሆንሽ?” አላት በሹክሹክታ። “ማን ሞተ?”

ከሚኒባሱ መስኮት አንዲት ሴት አንገቷን አውጥታ “ስማ እንጂ ወንድሜ! በድልድይ ነው ወይስ አይደለም?” አለች።

“አባዬ፣ ጨርሰው” አለች ጥጥ።

“ምኑን?”

“ድል ብለህ ነው የተውከው።”

አባት ወደ ሴትዮዋ አየ፣ ወደ ልጁ አየ። ወተት እሳት ላይ ጥዶ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቷን ትኩር ብሎ እያየ “ድይ!” ብሎ ጮኸ። ጥጥ ዓይኗን ጨፈነች፣ ምሰሶውን ጨበጠች፣ ቆጠረች። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ አሁንም እያያት ነው።

“ያማል?”

“ያማል። ሌላም በል።”

ወረቀቱን ሰጠችው። ሚኒባሱ እስኪሞላ በጣቱ መስመር እየተከተለ አነበበው፤ በየመሃሉ ቀና እያለ “ገበያ!” ይላል፣ ተመልሶ ያነባል። ሲጨርስ አጣጥፎ መለሰላት። “እናትሽ ካፖርቷን” አለና ቀሪውን ተወው።

“አውቃለሁ።”

“እኔ አልነግራትም።”

“አትነግራትም። እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ ግን አጠገቤ ቁጭ በል፤ ስትቀመጥም ወንበሩን አታንሳ፣ ጎትተው።”

እራት የቀረበው ገና ሳይጨልም ነው። አክስት ከሁሉ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ስለ ዋለችበት አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ ሳህኗን ብቻ ታያለች። እናት ወጡን አስቀመጠች። አባት ወንበሩን ጎተተው፤ ወንበሩ ግን ጫማ ስላለው ምንም አላለም፤ ሰውየው ያሰበው ሳይሆንለት ተቀመጠ። ጥጥ ወረቀቱን ከሳህኗ አጠገብ ዘረጋችና አነበበችው። በሹክሹክታ አይደለም፤ ሰው በሚያነብበት ድምፅ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እናት የጭልፋውን እጀታ ያዘች። “ዝምታው ሕመሙን እያባሰባት ነው” የሚለው ጋ ስትደርስ ለቀቀችው። ጥጥ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ዓመቱ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ስለሌለው ስለ አሥሩ ሴራሚክም ነገረቻቸው። “እሁድ አልሄድም” አለች። “እዚያ ከሄድኩ ከመጀመሪያው ሴራሚክም ወደ ኋላ ነው የምመለሰው።”

እዚያ ቤት የነበረው ዝምታ ሁሉ ለጥጥ ተብሎ ነበር፤ ይኼኛው ግን የእናት ብቻ ነው። እናት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አላየችም። ወንበሮቹን ነው ያየችው፣ አንድ በአንድ፣ እግር በእግር።

“ታዲያ እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ” አለች። ይህንንም በሹክሹክታ።

ጥጥ “አይደለም” ልትል ፈለገች፤ ወረቀቱ ግን ፊታቸው ተዘርግቷል። “አላወቅንማ” አለች። “እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጫማዎቹን ስወዳቸው ነው የኖርኩት።”

“ዘጠኝ ሳምንት ዝም አልሽኝ።”

“አንቺስ ዛሬ ጠዋት ዝም ብለሽ ማር ሰጠሽኝ።”

አባት ሳል መጣበት፤ ከልማዱ ወደ ግቢ ሊነሳ ብድግ አለና እንደገና ተቀመጠ፣ ተቀምጦም ሳለ። ጥጥ ፊቷን አጨማደደች፣ ማንም ግን ይቅርታ አላላትም። አክስት የእህቷን ባል በቅናት አየችው። “እኔም ማሳል ይፈቀድልኛል?” ስትል ጠየቀች፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፣ ከዚያ መጀመሪያ የሳቀችው እናት ነበረች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ተነሳችና ከመሳቢያው መቀስ አወጣች።

ግቢ አልወጣችም። ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የራሷን ወንበር አንዱን እግር ያዘች። መቀሱ ቂቅ አለ፤ ጥጥ መንጋጋዋን ያዘች። ጫማው ወለቀ። እናት በመዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ ሶሉ አልቆ ነጥቷል፣ ጎኑ ላይ ግን የካፖርቱ ቀለም አሁንም አለ። “በሳምንት አንድ ነው ያልሽው?” አለች ቀና ሳትል።

“በሳምንት አንድ።”

“አሥራ ስድስት ሳምንት” አለች እናት። “እሺ።” ጫማውን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋችው። ሦስቱ እግር ዝም አሉ፣ አራተኛው ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

ጥጥ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሬዲዮውን ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ከፈተችው፤ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። ጆሮዋ ይነድዳል፣ አንገቷ ደርቋል፤ ዛሬ ከአሥረኛው ሴራሚክ በላይ ሄዳለች፣ ነገ ዋጋውን ትከፍላለች፣ ያንንም ታውቃለች። ከወጥ ቤት ውኃ ሲፈስ፣ ሲቆም ሰማች። እናቷ ወደ ማብሪያው ስትራመድ ሰማች። እጇ ማብሪያው ላይ ሲያርፍ ሰማች፣ ይህን ያህል ነው የምትሰማው። መብራቱ ቦግ እልም እስኪል ጠበቀች። አላለም።

ከዚያ ስሟ መጣ። ጥጥ የሚለው አይደለም፤ ሲወልዷት ያወጡላት ስሟ ነው፣ ሙሉውን፣ በእናቷ ድምፅ፣ ከወጥ ቤት እስከ እሷ ድረስ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ፣ ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስል ነበር። ጥጥን ከጆሮዋ እስከ ጥርሷ ሥር ወጋት። መርፌ ወደ ላይ፣ መርፌ ወደ ታች። አንድ ቁልፍ እንኳን ሳትጨርስ አፏ ቀደማት።

“አቤት!”

እናት እጇን ከማብሪያው ላይ አነሳች።

“ምንም” አለች እናት፣ ጮክ ብላ። “ዝም ብዬ ነው የጠራሁሽ።”